የብስክሌት ውድድርና ዶፒንግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብስክሌት እንደምወድ የሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እነሱ እኮ መድኃኒት ነው የሚወስዱት፣ አይደል?» ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ጠየቁኝ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 የቱሩን አረንጓዴ ማሊያ፣ የነጥብ አሸናፊ የሚለብሰውን፣ ሲወስድም ጠየቁኝ። ጥያቄው ይገባኛል። ስፖርቱ ራሱ ያመጣው ጣጣ ነው። ስለዚህ ደጋግመው የሚመጡልኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶፒንግ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የተከለከለ ንጥረ ነገር ወይም የተከለከለ ዘዴ መጠቀም ነው። ምን እንደተከለከለ የሚወስነው ዋዳ ነው፤ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ማለት ነው። በ1999 ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይታደሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን፣ ጥፋቱ መውሰድ ብቻ አይደለም። ምርመራ እምቢ ማለት፣ ናሙና መቀየር፣ ለሌላ ሰው ማቀበል፣ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሁሉም ዶፒንግ ነው። ምንም ሳይገኝበት የተቀጣ ብስክሌተኛ ሞልቷል።

ለምን ብስክሌት ላይ በዛ?

ቱር ደ ፍራንስ 21 የውድድር ቀን አለው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 3,400 ኪሎ ሜትር ይጋለባል። አልፕስና ፒሬኔስ ተራሮች ይወጣሉ፣ ይወረዳሉ። የዛሬው ድካም ሳይወጣ የነገው ይጨመርበታል። እግር ኳስ ላይ ኳስ የማቆም ጥበብ በመርፌ አይገባም። ብስክሌት ላይ ግን ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው ደም ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑን የሚጨምር ነገር ከተገኘ፣ ተራራው ላይ ወዲያው ይታያል።

ታሪኩም ረጅም ነው። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ዴንማርካዊው ክኑድ ኤኔማርክ የንሰን በከባድ ሙቀት ውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። 23 ዓመቱ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ 15 ቀን በፊት ማለት ነው። የሞቱ ትክክለኛ ምክንያት እስካሁን ያከራክራል። ግን ስለ ስፖርትና መድኃኒት በይፋ መነጋገር የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 ደግሞ እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ሞን ቫንቱ በሚባለው ራቁት ተራራ ላይ ጫፉ ሊደርስ ሲል ወደቀ። አልተነሣም። ሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚን የሚባል አነቃቂ መድኃኒትና አልኮል ተገኘ። አምፌታሚን ድካምን አያጠፋም፤ የድካምን ደወል ነው የሚያጠፋው። ደወሉ በጠፋበት ሰውነት ያን ሙቀትና ያን ዳገት መግፋት ምን እንደሚያስከትል ሲምፕሰን አሳየን። የወደቀበት ቦታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ብስክሌተኞች ሲያልፉ ኮፍያና የውኃ ኮዳ ያስቀምጡለታል።

ኢፒኦ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

ኢፒኦ የሚባለው ሆርሞን እኔም እናንተም ውስጥ አለ። ኩላሊታችን ያመርተዋል። ሥራው የአጥንት መቅኔን «ቀይ የደም ሴል ሥራ» ብሎ ማዘዝ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰው ሠራሹ ለኩላሊት ሕሙማን ገበያ ላይ ዋለ። ለነሱ ሕይወት አድን መድኃኒት ነው። ብስክሌተኞች ዘንድ ለመድረስም ጊዜ አልፈጀበትም።

ቀይ የደም ሴል ሲበዛ ኦክስጅን ይበዛል። ደሙ ግን ይወፍራል። በጣም ከወፈረ ሊረጋ፣ ልብን ወይም አንጎልን ሊዘጋ ይችላል። በ1990ዎቹ ደግሞ ኢፒኦን የሚለይ ምርመራ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት፣ በአጭሩ ዩሲአይ፣ በ1997 ያደረገው ገደብ ማስቀመጥ ነበር። ከደም ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ ከ50 በመቶ ካለፈ፣ ለጤናህ ሲባል ለ15 ቀን አትወዳደርም። በቃ። ዶፐር አልተባለም፣ አልተቀጣም።

የዚህ ገደብ ውጤት ምን ሆነ መሰላችሁ? ገደቡ ግብ ሆነ። ደማቸውን ሆቴል ክፍል ውስጥ በትንሽ ማሽን እየለኩ 50ን ሳያልፉ መቆየት ጀመሩ። የ1996ቱ የቱር አሸናፊ ብያርነ ሪስ ኢፒኦ መውሰዱን ያመነው በ2007 ነው። ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ በ1999 ጂሮ ዲታሊያን፣ የጣሊያንን ታላቅ ውድድር፣ እየመራ፣ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ 52 በመቶ ተገኘበትና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው አልዳነም። በ2004 ሆቴል ክፍል ውስጥ በኮኬይን ሞቶ ተገኘ። የፓንታኒን ዳገት አወጣጥ ያየ ሰው ይህንን ሲያነብ ልቡ ይሰበራል።

የራሱን ደም መልሶ ቢወስድስ? የራሱ አይደል እንዴ?

የራሱ ነው። ግን የተከለከለ ነው። ከወራት በፊት ደሙን ያስቀዳል፣ ይቀመጥለታል፣ ሰውነቱ የጎደለውን ይተካል። ውድድሩ መሐል ላይ ከረጢቱ ተመልሶ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ሌላው ሰው ደሙ ሲሳሳ፣ የእሱ ይሞላል። ብዙ ጊዜ የሚደረገውም እንደ ሆስፒታል አይደለም። ደሙ በሕገ ወጥ መንገድ ይጓጓዛል፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከተበላሸ ወይም ከተቀያየረ ይገድላል።

በ2006 የስፔን ፖሊስ ማድሪድ ውስጥ የዶክተር ኤውፌሚያኖ ፉዌንቴስን ክሊኒክ ሲፈትሽ የምሥጢር ስም የተጻፈባቸው የደም ከረጢቶች አገኘ። በ2019 ደግሞ የጀርመንና የኦስትሪያ ፖሊስ በኤርፉርት ከተማ ይሠራ የነበረ ሌላ ሐኪም ያዘ፤ ሁለት ኦስትሪያዊ ብስክሌተኞችም ለዚሁ ደም ማስቀዳታቸውን አመኑ። ሁለቱም ጊዜ በሩን ያንኳኳው ፖሊስ ነው። ይህንን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ምርመራው እንዴት ነው የሚካሄደው?

ውድድሩ እንዳለቀ የቀኑ አሸናፊና አጠቃላይ መሪው ይጠራሉ። በተጨማሪ ሌሎች ይመረጣሉ። ከመስመሩ ጀምሮ አንድ ሰው ከጎናቸው አይጠፋም፤ ቃለ መጠይቅ ሲሰጡም፣ መድረክ ላይ ሲወጡም ይከተላል።

ክፍሉ ውስጥ አትሌቱ የታሸገ ዕቃ ከበርካታዎቹ ራሱ ይመርጣል። ሽንቱን የሚሰጠው መርማሪው በዓይኑ እያየ ነው። ሱሪ እስከ ጉልበት ዝቅ፣ ማሊያ ከፍ ብሎ። ያሳፍራል፣ አዎ። ግን ምክንያት አለው። በ1978 ቤልጂጋዊው ሚሼል ፖለንቲዬ ብብቱ ሥር የሌላ ሰው ሽንት በቱቦ ደብቆ ተገኝቷል። ያን ዕለት ቢጫውን ማሊያ፣ የውድድሩ መሪ የሚለብሰውን፣ ለብሶ ነበር።

ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ስድስት ሰዓት ሙቀት ውስጥ ጋልቦ ውኃ ለጨረሰ ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱ ሰዓታት ይጠብቃል። ሽንቱ ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ጠርሙሶች ይከፈላል። ጠርሙሶቹ ክዳናቸው ሳይሰበር እንዳይከፈቱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ላቦራቶሪው ስም አያይም፣ ቁጥር ብቻ። ኤ ላይ ከተገኘ አትሌቱ ቢ እንዲከፈት መጠየቅ ይችላል። የቀረው እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ፣ ሳይንሱ ሲሻሻል እንደገና ሊመረመር ይችላል።

ቤት ድረስ ሳይነግሩ ይመጣሉ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ትልልቆቹ ብስክሌተኞች የት እንደሚያድሩ፣ የት እንደሚለማመዱ በኢንተርኔት ያስመዘግባሉ። ከቀኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰዓት ይመርጣሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የፈለጉትን። በዚያ ሰዓት በተባለው ቦታ መገኘት ግዴታ ነው። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካጓደሉ እንደ ዶፒንግ ይቆጠራል።

ንጹሑን ሰው የሚያደክመው ይኸኛው ነው። ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ልጁ ሲታመም፣ በረራ ሲሰረዝ ስልኩን አውጥቶ አድራሻ መቀየር አለበት። ሆኖም ያለዚህ ምርመራው ከንቱ ነው። ኢፒኦ በአብዛኛው የሚወሰደው ውድድሩ ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ ልምምድ ላይ ነውና። ዴንማርካዊው ሚካኤል ራስሙሰን በ2007 ሜክሲኮ ነኝ ብሎ ጣሊያን ታይቷል። ቱሩን እየመራ፣ ቢጫውን እንደለበሰ፣ የራሱ ቡድን ከውድድሩ አስወጣው።

ላንስ አርምስትሮንግ ያን ሁሉ ጊዜ ተመርምሮ እንዴት ሳይያዝ ቀረ?

በጣም የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ይመስለኛል።

አሜሪካዊው አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ሰባት ቱር አሸነፈ። ከካንሰር ተነሥቶ ነው። ሕሙማን ተስፋ አደረጉበት። ማንም ሲጠረጥረው «መቼም ተገኝቶብኝ አያውቅም» ይል ነበር። ሰውም ያምነው ነበር። «ተመርምሮ ነጻ ነው» የሚለው ቃል ከ«ንጹሕ ነው» ጋር አንድ መሰለን።

አንድ አይደለም። ምርመራ የሚነግራችሁ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ፣ የሚፈለገው ነገር አለመገኘቱን ብቻ ነው። የኢፒኦ የሽንት ምርመራ ብስክሌት ላይ ሥራ የጀመረው በ2001 ነው። ምርመራው ሲመጣ እነሱ መጠኑን አሳነሱ፣ በደም ሥር መውሰድ ጀመሩ፣ ወደ ደም ከረጢት ዞሩ። የራስን ደም መልሶ መውሰድ በቀጥታ የሚያሳይ ምርመራ አልነበረም። መርማሪ መጣ ሲባል ጨዋማ ውኃ በደም ሥር አስገብተው ደማቸውን ያቀጥኑ ነበር። በ1999 ቱር ላይ ኮርቲዞን የሚባል የተከለከለ መድኃኒት ሲገኝበት ደግሞ ለቁስል የሚቀባ ቅባት ነው የሚል የሐኪም ወረቀት ቀረበ። ወረቀቱ ወደ ኋላ ቀን ተደርጎበት የተጻፈ ነበር።

ይህን የተናገረችው የቡድኑ ወጌሻ ኤማ ኦሬይሊ ናት። አየርላንዳዊት ናት። እውነቱን በመናገሯ ስሟ በአደባባይ ጎደፈ፣ ተከሰሰች፣ ለዓመታት ተንገላታች። የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ሚስት ቤትሲ አንድሩም በ1996 ሆስፒታል ውስጥ ለሐኪሞች ሲናዘዝ ሰምቻለሁ ብላ ስለመሰከረች እብድ ተባለች። እነዚህ ሁለት ሴቶች ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። ያዩትንና የሰሙትን ነው የተናገሩት። ላቦራቶሪው ያላገኘውን እነሱ ከዓመታት በፊት ነግረውን ነበር። እኛ አልሰማናቸውም።

በመጨረሻ በ2012 የአሜሪካ ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ የ26 ሰዎችን ምስክርነት ሰበሰበ። 11ዱ አብረውት የጋለቡ ናቸው። ዩሲአይ ሰባቱንም ድሎች ነጠቀው፤ ዕድሜ ልክ ታገደ። በጃንዋሪ 2013 በቴሌቪዥን አመነ። የእነዚያ ሰባት ዓመታት የአሸናፊ ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

ከሱ በፊትም እንዲሁ ነበር። በ1998 የፌስቲና ቡድን ወጌሻ ዊሊ ቩት የቤልጂግና የፈረንሳይ ድንበር ላይ ተይዞ መኪናው ውስጥ ከ200 በላይ የኢፒኦ መጠን ተገኘ። ከዚያ ቡድን በኢፒኦ ምክንያት በሽንት ምርመራ የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም። የጉምሩክ ሠራተኛ ነው የያዛቸው። ጉምሩክ፣ ፖሊስ፣ ወጌሻ፣ ሚስት፣ የቡድን ጓደኛ። ትልልቆቹ ምሥጢሮች የወጡት በነዚህ በኩል ነው።

ባዮሎጂካል ፓስፖርትስ? እሱ አልለወጠም?

ለውጧል። ዩሲአይ በ2008 ከሁሉም ቀድሞ ጀመረው። ሐሳቡ መድኃኒቱን መፈለግ ትቶ፣ መድኃኒቱ ደም ላይ የሚተወውን ዱካ መከታተል ነው። የአንድ ብስክሌተኛ ደም በዓመት ብዙ ጊዜ ይለካል። ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ እና ገና የተወለዱት ቀይ ሴሎች ቁጥር በግራፍ ይሰፍራል። ኢፒኦ የወሰደ ሰው ላይ አዲሶቹ ሴሎች ይበዛሉ። ደም የሞላ ሰው ላይ ግን መቅኔው «በቂ አለ» ብሎ ሥራ ይቀንሳል፤ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ አዲሶቹ ሴሎች ያንሳሉ። ባለሙያዎች ስሙን ሳያውቁ ግራፉን ያያሉ።

እያንዳንዱ የሚወዳደረው ከራሱ የትናንት ደም ጋር ነው። የ50 በመቶውን ገደብ ስሕተት ያረመው ይህ ነው። ያም ሆኖ በጣም ትንሽ መጠን እየወሰዱ ከግራፉ ሳይወጡ መቆየት እንደሚቻል ይታወቃል። መጠኑ ግን አንሷል። ጥቅሙም አብሮ አንሷል።

እኛ ከፍታ ላይ ያደግን ሰዎች ደማችን የተለየ ነው። ያስጠረጥረናል?

አያስጠረጥርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት ኢፒኦ ይጨምራል፤ ተፈጥሮ ራሷ የምታደርገው ነው። አውሮፓውያኑም ለዚህ ነው ተራራ ላይ እየወጡ የሚከርሙት። ለምርመራ ደም ሲሰጥ የሚሞላው ቅጽ በቅርቡ ከፍታ ቦታ ቆይተህ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጆቻችን ይህን መልስ በጥንቃቄ ይሙሉ። ከፍታ ላይ ሰንብቶ ሳይጽፍ መቅረት፣ ሊብራራ የሚችልን ነገር ያለ ማብራሪያ መተው ነው።

ቡና ይቻላል? ጫትስ?

ቡና ይቻላል። ካፌይን በ2004 ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል።

ጫት ግን ሌላ ነው። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲንና ካቲኖን ሁለቱም ውድድር ላይ የተከለከሉ አነቃቂዎች ናቸው። ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጥፋት ነው። የውድድር ጊዜ የሚባለውም ፊሽካው ሲነፋ አይጀምርም፤ ከዋዜማው እኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። «ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ነው የቃምኩት» ማለት አያድንም። ባህል ነው ማለትም አያድንም። ወንድሜ ብስክሌት ቢጋልብ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

የአፍንጫ መታፈን የሚያስለቅቁ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ሱዶኤፌድሪን አላቸው። ፋርማሲ ስትሄዱ አትሌት መሆናችሁን ተናገሩ። የግድ መውሰድ ያለባችሁ መድኃኒት ከተከለከሉት ከሆነ፣ ለሕክምና ፈቃድ በቅድሚያ ይጠየቃል።

ሳያውቅ የወሰደ ሰውስ?

ሕጉ ከባድ ነው፤ ሰውነትህ ውስጥ ለገባው ተጠያቂው አንተ ነህ። ስፔናዊው አልቤርቶ ኮንታዶር ባሸነፈው የ2010 ቱር ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ፒኮ ግራም ክሌንቡቴሮል የሚባል የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበት። ፒኮ ግራም የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ነው። ከስፔን የመጣ ሥጋ ነው ያስያዘኝ አለ። የስፖርት ፍርድ ቤቱ ሥጋውን አልተቀበለም፤ የተበከለ የምግብ ማሟያ ይሆናል የሚለው ይበልጥ ያመዝናል አለ። ቱሩን አጣ። አፍ የሞላ ስያሜ ያለው ዱቄት ከምን እንደተሠራ ሳታውቁ አትዋጡ።

የሕመም ማስታገሻ ያስቀጣል?

ብዙዎቹ አይከለከሉም። ትራማዶል ግን ዩሲአይ ከ2019፣ ዋዳ ከ2024 ጀምሮ ውድድር ላይ ከልክለውታል። ሱስ ያስይዛል፣ ያፈዝዛል፤ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚሮጥ መንጋ ውስጥ የፈዘዘ አንድ ሰው 30 ሰው ይጥላል። ኮሎምቢያዊው ናይሮ ኪንታና በ2022 ከጣቱ በተወሰደ የደረቀ ደም ተገኝቶበት ስድስተኛ የወጣበት ቱር ተሰረዘበት።

ብስክሌት ውስጥ ሞተር ይደብቃሉ መባሉ?

በትልልቆቹ ውድድሮች ላይ አንድ ጊዜ በይፋ ተገኝቷል። በ2016 ቤልጂግ ውስጥ በሳይክሎክሮስ (በጭቃና በሣር ላይ በሚደረግ የብስክሌት ውድድር) የዓለም ሻምፒዮና ላይ፣ ለአንዲት ወጣት በተዘጋጀ ብስክሌት ውስጥ። ስድስት ዓመት ታገደች። አሁን ብስክሌቶቹ በማግኔት መለኪያና በኤክስሬይ ይታያሉ።

ቅጣቱ ስንት ነው?

ሆን ብሎ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ዓመት። የት እንዳለ ባለማሳወቅ ከሆነ ሁለት ዓመት። ውጤትና ሽልማት ይሰረዛል። አራት ዓመት ለብስክሌተኛ ዕድሜው ነው። በአንዳንድ አገር፣ ጣሊያንን ጨምሮ፣ እስር ቤትም ያስገባል።

ታዲያ አሁን ንጹሕ ነው?

ከ1990ዎቹ ጋር አይወዳደርም። ያኔ ሳይወስዱ ማሸነፍ አይታሰብም ነበር። ዛሬ ይታሰባል። ሁሉም ንጹሕ ነው ግን አልልም። አዲስ ነገር ሁሌ ይመጣል፤ በ2025 ዩሲአይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደጋግሞ መሳብን ከልክሏል፣ ያው ሰው የሚገድለውን የከሰል ጭስ ጋዝ። ጥሩ ሰዓት የገባን ሁሉ መክሰስ ግን ከንጹሑ ላይ ላቡን መስረቅ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የሚናገር ሰው ሲመጣ ስፖርቱ ምን ያደርገዋል?

እምቢ ያሉትስ ምን ሆኑ?

ክሪስቶፍ ባሶን የፌስቲና ጋላቢ ነበር። በ1998 የቡድን ጓደኞቹ ለፖሊስ ሲናዘዙ እሱ አይወስድም ብለው መሰከሩለት። በ1999 ቱር ላይ እየጋለበ ለአንድ ጋዜጣ ይጽፍ ነበር። ፍጥነቱ እንደማይታመን ጻፈ። ጓደኞቹ አኮረፉት፣ ማንም አላናገረውም። ወደ አልፕ ዱዌዝ በሚወስደው መንገድ ላይ አርምስትሮንግ ጠጋ ብሎ ወደ ቤትህ ብትሄድ ይሻላል አለው። ከሁለት ቀን በኋላ ባሶን ሻንጣውን ይዞ ወጣ። በ2001 ከሙያው ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ በቦርዶ አካባቢ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ሥራው ፀረ ዶፒንግ ነበር፤ ናሙና ማስወሰድ። በ1966 ቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያውን የዶፒንግ ምርመራ ያየው እዚያው ቦርዶ ነው። ያኔ ብስክሌተኞቹ በማግስቱ ከብስክሌታቸው ወርደው በእግር እየሄዱ ተቃወሙ።